ሰባት አያት ለሦስት ልጅ

እህቴ «አንዱን ልጅ ልወስድ ነው የምመጣው» ብላ በስልክ የነገረችኝ ቀን፣ የአንድ ደንበኛዬን ፊት ግማሹን ላጭቼ ግማሹን ትቼ ነበር። ያኔ ሞባይል ገና ጅጅጋ አልገባም፤ ስልክ ያለው ከፀጉር ቤቴ ጎን ያለው ሱቅ ውስጥ ነው። ባለሱቁ «ከአገር ቤት ነው፣ ቶሎ በል!» ብሎ ሲጮህ ምላጬን እንደያዝኩ በረርኩ። ስመለስ ምላጩን ገልብጬ መያዜን ደንበኛዬ ቀና ብሎ አየና «ግዴለም፣ ይሄኛው ጎን ይቅር» አለኝ። እንደዚያው ሄደ። በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ በግራ ሲያዩት ጎረምሳ፣ በቀኝ ሲያዩት ሽማግሌ የሆነ ሰው የገጠመው ካለ የኔ ሥራ ነው።

እናታችን የሞተችው እኔ መራመድ ሳልጀምር ነው። አዝላ ያሳደገችኝ እህቴ ናት። «ጢም እስካበቅል ድረስ ከጀርባዋ አልወረድኩም» እላለሁ ለሰው፤ ትንሽ ብጨምርበት ነው። እሷ ግን አልወለደችም። ባሏ ሲሞት ሸዋ ውስጥ፣ ትልቅ ግቢ ይዛ ብቻዋን ቀረች፤ ወንድሟ ደግሞ ጅጅጋ ላይ ሦስት ወንድ ልጆች አሉት። በኛ አገር ይህ ሂሳብ ወረቀት አይፈልግም። ያልወለደች እህት ከወንድሟ ልጆች አንዱን ወስዳ ታሳድጋለች፤ ነውሩ መውሰዷ ሳይሆን እምቢ መባሏ ነው። እኔ ደግሞ እንኳን እሷን፣ «ፀጉሬን በነፃ አስተካክል» የሚለኝን ፖሊስ እንኳ እምቢ ማለት የማልችል ሰው ነኝ።

ለባለቤቴ የነገርኳት ሽንኩርት ስትከትፍ ጠብቄ ነው፤ ብታለቅስም ሰበብ ይኖራታል ብዬ።

«የትኛውን?» አለች፣ ቢላዋውን ሳታቆም።

«እሱን አልነገረችኝም።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«እንኳን ደህና መጣሽ አልኳት።»

«ገና ሳትመጣ?»

«ደንግጬ ነዋ!»

አልሳቀችም። ሌላ ሰው ካልሳቀ ቀልዱ ፈዞ ነው፤ ባለቤቴ ካልሳቀች ግን ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። ያን ሽንኩርት ጨርሳ ሌላ አነሳች፣ ያንን ጨርሳ ሌላ። ያን ምሽት የበላነው ወጥ ውስጥ ከሽንኩርት በቀር ምንም አልነበረም፤ ማንም ደግሞ ደፍሮ አልጠየቀም።

ልጆቹ ሦስቱም የሚተኙት አንድ ፍራሽ ላይ ነበር። ትልቁ ዐሥር ዓመቱ ነው፤ ዳር ተኝቶ ብርድ ልብሱን ይወስዳል። ትንሹ አምስት ዓመቱ ነው፤ ግድግዳ ሥር ተኝቶ ትራሱን ይወስዳል። ስምንት ዓመት የሆነው መሃለኛው መሃል ተኝቶ የሁለቱንም እርግጫ ይወስዳል። ልብስም እንደዚሁ ነበር። ከጠረፉ ከቶጎጫሌ ሸቀጥ ሲገባ አዲሱ ሸሚዝ ለትልቁ ይገዛል፤ ሲጠበው ለመሃለኛው ያልፋል፤ መሃለኛው ላይ አልቆ ስለሚበጣጠስ ለትንሹ ሌላ አዲስ ይገዛል። እኔ ይህን እንደ ክረምትና በጋ፣ ፈጣሪ እንዳዘዘው ነበር የማየው።

የምንኖረው አንድ ሶማሌ ቤተሰብ ካለበት ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። አከራያችን ወተት ነጋዴ ናት፤ ልጆቼ «ኤዶ» ይሏታል፣ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። ልጆቹ ሲርባቸው በአማርኛ ያለቅሳሉ፣ ሲጣሉ በሶማሊኛ ይሳደባሉ፣ ቁርስ ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ ይበላሉ፤ አንድ እኛ ቤት፣ አንድ ኤዶ ቤት።

የኤዶ ልጅ ከትልቁ ልጄ ጋር እኩያ ነው። የሶማሌ ልጅ የወተት ጥርሱ ሳይነቀል አባቶቹን በተርታ መቁጠር ይማራል፤ አባት፣ የአባት አባት፣ የአያት አባት እያለ ሃያም ሠላሳም ይደርሳል። ያ ልጅ አንድ ቀን ቆጥሮ ቆጥሮ ሲያበቃ «እናንተስ?» አላቸው። ልጆቼ እኔንና አባቴን ቆጥረው ቆሙ።

«ሁለት ብቻ?» አለ ልጁ። «ወላሂ እናንተ ድሆች ናችሁ!» አልሰደባቸውም፤ ከልቡ አዝኖላቸው የያዘውን ከረሜላ አካፈላቸው። ስድቡን ይችሉት ነበር፣ ከረሜላውን ግን አልቻሉትም። እያለቀሱ ፀጉር ቤት መጡ።

እኔም እውነተኞቹን አላውቃቸውም። እህቴ ድሮ ስትነግረኝ እስቅ ነበር እንጂ አልሰማሁም። ወንበሩ ላይ ሰው ተቀምጧል፣ ወረፋ የሚጠብቅ አለ፣ ሦስት ወንድ ልጆች ደግሞ እግሬ ሥር ያለቅሳሉ። ስለዚህ ቆሜ አያት ፈጠርኩላቸው። አራት አምስቱን ከተማርኩት የነገሥታት ታሪክ ወሰድኩ። እሱ ሲያልቅብኝ በራዲዮ ከሰማሁት የእግር ኳስ ጨዋታ ቀጠልኩ። ልጆቹ ሃያ ሁለት አያት ይዘው እየጨፈሩ ወጡ።

በማግስቱ የኤዶ አባት፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉት ሽማግሌ፣ ሊስተካከሉ መጡ። ፎጣውን አንገታቸው ላይ ሳስር በመስተዋቱ ውስጥ ትኩር ብለው አዩኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ የአያትህ አያት የብራዚል በረኛ ነው እንዴ?»

«ልጆች ናቸው አባባ፣ አደባልቀውት ነው።»

«በሞተ ሰው አይዋሽም። ሁለት ካለህ ሁለት በል። ሁለት ግመል ያለው ሰው ሃያ አለኝ ብሎ ገበያ ቢወጣ ማን ይሆናል?»

«እኔ፣» አልኩ። ሳቁ፤ ጢማቸውን ግን እኔ ለመሳቅ ጊዜ እንዳይኖረኝ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

እህቴ የደረሰችው ይህ በሆነ በሳምንቱ ነው። ከሐረር በመጣ ሚኒባስ፣ አንድ ኬሻ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዛ፣ አቧራው ነጠላዋን ቡናማ አድርጎት ወረደች። ሦስቱንም አንድ በአንድ አገላብጣ ሳመች። ስትስም የአንዱን ክንድ፣ የአንዱን ትከሻ ጨበጥ አድርጋ ትለቃለች። የበግ ገበያ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ባለቤቴ ገብቷት ሻይ ልታፈላ ሮጠች።

የኔ ዘዴ ልጆቹን ማጥላላት ነበር። ማታ ስንቀመጥ ጀመርኩ። «እትዬ፣ ይሄ ትልቁ ሲበላ አንበጣ ነው። ባለፈው እንጀራውን ጨርሶ መሶቡን ሲጀምር ደርሼ ነው ያስጣልኩት።»

«አንተም እንደዚያው ነበርክ» አለች፣ ፈገግ ብላ።

«መሃለኛው ክርክር ነው ሥራው። ዝናብ እየዘነበ 'አይዘንብም' ብሎ ይከራከርሻል፤ በስብሶ እንኳ አይሸነፍም።»

«ውይ! ቁርጥ አንተን!»

«ትንሹ ሲተኛ ይራገጣል። ግድግዳው እዚህ ጋ የተሰነጠቀው በሱ ነው።»

«ጎድኔንስ ረሳኸው? እስካሁን ሲበርድ የሚያመኝ አንተ ስትራገጥ መትተኸኝ ነው» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ባለቤቴ በሻይ ብርጭቆዋ ላይ በዓይኗ ቀጣችኝ። ይበልጥ ባጥላላሁ ቁጥር ይበልጥ እየወደደቻቸው ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ኤዶ እንደ ልማዷ የግመል ወተት ይዛ ገባች። እህቴ የግመል መሆኑን ስትሰማ በስመ አብ ብላ አማተበች። ልጆቹ ግን ተሯሩጠው ኤዶ ላይ ተጠመጠሙ። «ኤዶ ማለት ምንድን ነው?» ብላ ትንሹን ጠየቀችው።

«የአባት እህት።»

«የአባትህ እህትማ እኔ ነኝ።»

ትንሹ አሰበ። «አንቺ እንግዳ ነሽ» አላት።

 እህቴ ነጠላዋን አስተካከለች፤ የምታስተካክለው ነገር አልነበረም። ኤዶ አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፣ ግን የሚያስፈልገውን ያህል ይበቃታል። ወተቱን አስቀመጠች፣ ትንሹን በጆሮው ይዛ እህቴ ፊት አቆመችው። «ኤዶ እሷ ናት። እኔ ጎረቤት ነኝ። ሳማት!» አለችው። ሳማት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህቴ ወተቱን ባትነካውም፣ ኤዶ ስትገባ ተነስታ ቦታ ትለቅላት ጀመር።

ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ሁሉ ጫት ላይ ሲቀመጥና ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ፣ ልጆቹ ለአዲሷ ኤዶ አያቶቻቸውን ሊያሳዩ ፈልገው በተርታ ቆሙ። ነገሥታቱን ቆጠሩ፤ እህቴ ራሷን እየነቀነቀች በኩራት ሰማች። በረኛው ጋ ሲደርሱ ወደኔ ዞረች።

«ይሄ ማነው?»

«በእናቴ በኩል ነው» አልኩ።

«በእናትህ በኩልማ እኔም አለሁበት!»

እንዲህ አድርጋ ተቆጥታኝ አታውቅም። «ሰባት ቤት የማይቆጥር ሰው ነገ እህቱን ቢያገባ በምን ያውቃል?» አለች። ለአንድ እህት ላለው ሰው ይህ ትንሽ የበዛ ስጋት ነው። ከዚያ ልጆቹን አስቀምጣ ከአባቴ ጀምራ እውነተኞቹን ሰባት አያቶች ታወጣቸው ጀመር። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ልጆቹም በስም አልያዟቸውም። ጅጅጋ ውስጥ ቅጽል ስም የሌለው ሰው ስለሌለ እነሱም ለእያንዳንዱ አወጡለት፤ ወታደሩ፣ ንብ አርቢው፣ አንካሳው፣ ተሟጋቹ፣ ባለ በቅሎው፣ ዲያቆኑ፣ ረጅሙ።

ሰባቱንም በአንድ ቀን የያዘ ልጅ የለም። ትልቁ ጦር ሜዳ ስለሚወድ ወታደሩን፣ ከሱም ቀጥለው የመጡትን ንብ አርቢውንና አንካሳውን ያዘ። ትንሹ ደግሞ የቤት ጣራ ይነካ ነበር የተባለውን ረጅሙን ወደደ፣ ዲያቆኑንም አብሮ ያዘ። መሃለኛው በተሟጋቹ ፍቅር ወደቀ። ተሟጋቹ በአንድ ግራር ምክንያት ከጎረቤቱ ጋር ዕድሜውን ሙሉ ተካሶ፣ ሲፈረድለት ግራሩ ደርቆ ተገኘ። «ትክክል ነበር ግን!» ይላል መሃለኛው። «ቢደርቅም የሱ ነው!» በዚያው ባለ በቅሎውንም እሱ ያዘ።

እህቴ ያየችው ይህን ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ምርጫዋን ተናገረች። ትልቁ ነፍስ አውቋል፣ ትንሹ የእናቱን ጆሮ ሳይዝ እንቅልፍ አይወስደውም። «መሃለኛው ይሁን» አለች።

እኔ መሃለኛው ይከራከራል ብዬ ነበር ተስፋዬ። ዝናብን የተከራከረ ልጅ ይህን ሳይከራከር ይቀራል? እሱ ግን «ብቻዬን ነው የምተኛው?» ብሎ ጠየቀ።

«አንድ ክፍል ሙሉ ያንተ ነው።»

«ጫማም አዲስ?»

«አዲስ እንጂ!»

«እሄዳለሁ» አለ። ፊቱ በራ። እናቱን እንኳ ዞር ብሎ አላያትም።

ባለቤቴ «ካለ ይሂድ» ብላ ተነሳች። ትናንት የታጠቡትን ልብሶች ከገመድ ላይ አውርዳ እንደገና ታጥብ ጀመር። ውሃ በአህያ ጋሪ እየተገዛ በሚኖርበት ከተማ ንጹሕ ልብስ የምታጥብ ሴት ምን እንደሆነች ለመንደሩ መንገር አያስፈልግም። ኤዶ መጥታ አየቻት፤ ጎንበስ ብላ ታለቀልቅላት ጀመር። እኔ ቀልድ ፈለግሁ። አጣሁ። ይህ በሕይወቴ የሆነ ነገር አይደለም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ አጥቼ አላውቅም።

ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ከሰዓት በኋላ፣ የኤዶ ልጅ ግቢው በር ላይ ልጆቼን ጠራ። እውነተኛ አያት መጣላቸው ሲባል ሰምቷል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተሰብስቧል፤ አያቱ፣ ባለ ሂናው ሽማግሌ፣ በፕላስቲክ ወንበር ዳኛ ሆነው ተቀምጠዋል። እኔና እህቴ በራፋችን ላይ ነን። መሃለኛው ውስጥ ነው፤ እህቴ የገዛችለትን ጫማ ይለካል።

ትልቁ ቆሞ ጀመረ። «ወታደሩ! ንብ አርቢው! አንካሳው!» አለና ቆመ። አንገቱን አከከ። ትንሹ አፉን ለዲያቆኑ ከፍቶ ይጠብቃል፤ ተራው ግን አልደረሰም። መሃል ላይ ሁለት ሰው ጠፍቷል።

ሕፃናቱ በሶማሊኛ ይቆጥሩባቸው ጀመር፤ «ኮው! ለባ! ሰዴህ!»

ትልቁ ወደ ቤት ዞሮ ጮኸ፤ «ዋርያ፣ አንተ! ና! ያንተዎቹ ጋ ደርሰናል!»

መሃለኛው በአንድ እግሩ አዲስ ጫማ፣ በአንድ እግሩ ባዶውን እያነከሰ ወጣ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀለት። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ጊዜ ወስዶ፣ «ተሟጋቹ» አለ። ቀጥሎ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አይቶ፣ «ባለ በቅሎው!» ትንሹ ወዲያው ተቀብሎ «ዲያቆኑ! ረጅሙ!» ብሎ ዘለለ።

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳሰሱ። «ማሻ አላህ። ትንሽ ናቸው፣ ግን እውነት ናቸው» አሉ።

ትልቁ መሃለኛውን ትከሻው ላይ አወጣው። ሳስበው ያንን ልጅ ማንም ትከሻው ላይ አውጥቶት አያውቅም፤ ትልቁን እኔ አወጣ ነበር፣ ትንሹን ትልቁ ያወጣዋል። እኔ እያጨበጨብኩ ነበር። እህቴ ግን አላጨበጨበችም። የልጁን ፊት ብቻ ታይ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ገብታ ዕቃዋን ማሰር ቀጠለች።

በማለዳ ሁላችንም መናኸሪያ ወረድን። ወደ ሐረር የሚሄደው ሚኒባስ ረዳት «ባቢሌ! ሐረር! አንድ ሰው ሐረር!» እያለ ይጮሃል። መሃለኛው ሁለቱንም ጫማውን አድርጎ፣ ቦርሳውን አቅፎ፣ ከሁሉ ቀድሞ በሩ ላይ ቆሟል። ባለቤቴ ኮሌታውን ታስተካክላለች፤ ኮሌታው ከዚያ በላይ ሊስተካከል አይችልም ነበር።

እህቴ ቦርሳውን ከልጁ እጅ ተቀበለችና ለባለቤቴ ሰጠቻት።

«እትዬ?» አለች ባለቤቴ። «ምን አደረግንዎት?»

«ምንም። ደግ አደረጋችሁልኝ» አለች እህቴ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ባለቤቴን በክንዷ ሳብ አድርጋ ቀጠለች። «ልጁ እሺ ያለኝ እኔን ወዶ መስሎኝ ነበር። አይደለም የኔ ልጅ። ለብቻው የሚያየው ሰው ፈልጎ ነው። ትናንት በራፍ ላይ ሲያዩት ፊቱ እንዴት እንደሆነ አይቼዋለሁ፤ ለጫማው እንደዚያ አልሆነም። እኔ ወስጄ ብቻውን ከማየው፣ አንቺ እዚሁ እናቱ ሆነሽ እይው።»

ባለቤቴ ጎንበስ ብላ የእህቴን ጉልበት ሳመች። እህቴ አነሳቻት። እኔ መሃላቸው ልገባ ስል እህቴ በእጇ ከለከለችኝ። «አንተ ደግሞ ዝም በል» አለች። ገና አፌን አልከፈትኩም ነበር።

መሃለኛው የሆነው ሲገባው ከሁሉም በላይ የተቆጣው እሱ ነው። «ብለሽ ነበር! እወስድሃለሁ ብለሽ ነበር!» ብሎ መሬቱን በአዲሱ ጫማ ረገጠ። እህቴ ገብታ መስኮት ሥር ተቀመጠች፣ በመስኮቱ እጇን አውጥታ ራሱን ዳሰሰችው። «ተሟጋቹን ያየሁት መሰለኝ» አለችው። «ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ትመጣና ታስረዳኛለህ። ስትመጣ ብቻህን ና፣ እነዚህን እንዳታመጣ።» ሚኒባሱ ሲነሳ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አቧራው ነው ብዬ ለልጆቹ ነገርኳቸው። እውነትም አቧራ ነበር፤ ግን ነጠላውን የሳበችው አቧራው ሳይነሳ በፊት ነው።

እዚያ በሐዘን የሚጠብቃት ሰፊ ግቢ ትዝ አለኝና ሚኒባሱ ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆምኩ። እምቢ ማለት አቅቶኝ የነበረውን ነገር ለራሷ እምቢ ያለችው እሷው ናት።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ቦርሳውን በአንድ እጇ፣ መሃለኛውን በሌላ እጇ ይዛ ከፊት ሄደች። ልጁ እየተነጫነጨ ነው፤ እጁን ይነጥቃል፣ መልሳ ትይዘዋለች። ከኋላ ሆነን አንሰማቸውም። ጥቂት ከሄዱ በኋላ እጁን መንጠቅ ተወ። ከዚያ እሱ ያወራ ጀመር፤ ባዶ እጁን እያወናጨፈ፣ እንደ ጠበቃ። እሷ ጎንበስ ብላ ትሰማዋለች።

ትልቁ «ስለ ምን ነው የሚያወሩት?» አለኝ።

«አላውቅም።»

ትንሹ ሊደርስባቸው ሮጠ፤ በሸሚዙ ያዝኩት። «ተዋቸው» አልኩት።

የግቢያችን በር ጋ ደረሱ። ኤዶ በሩ ላይ ቆማለች፤ ልጁን ስታይ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ባለቤቴ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ሰላም አለቻት እንጂ አልቆመችም። በሩን አለፉት። እሱ እያወራ፣ እሷ እየሰማች፣ ሁለቱ ብቻ ወደ ገበያው መንገድ ቀጠሉ።